ጎህ ሲቀድ የሚንኳኳ በር

ሥራዬ ሰው ማራመድ ነበር። የቀጠረኝ የአረጋውያን መርጃ ኤጀንሲ ወረቀቱ ላይ ሌላ ነገር ነው የጻፈው፤ ማጠብ፣ ማልበስ፣ መድኃኒት ማስታወስ፣ ምናምን። እኔ የተመደብኩላቸው ቻይናዊ ሽማግሌ ግን ራሳቸው ይታጠባሉ፣ ራሳቸው ይለብሳሉ፣ መድኃኒታቸውንም ከእኔ በላይ ያውቁታል። አትላንታ ጫፍ፣ ዶራቪል ውስጥ፣ የባቡሩ መጨረሻ ፌርማታ አካባቢ፣ አረጋውያን ብቻ በሚኖሩበት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ለብቻቸው ነው የሚኖሩት። ከእኔ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር፤ ረጅሙን ኮሪደር ከጫፍ እስከ ጫፍ አብሬያቸው እንድመላለስ።

ጠዋት በቁልፌ ከፍቼ ስገባ ጫማቸውን አስረው፣ ከዘራቸውን ጨብጠው፣ ኮፍያቸውን አጥልቀው በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። እኔ ደግሞ ታከር ካለው መጋዘን የማታ ሺፍቴን ጨርሼ፣ ትንሽ ሸለብ አድርጌ፣ እግሬ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ነው የምደርሰው። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሰው «እንሂድ!» ይሉኛል። አይ እንጀራ! እሳቸው ይራመዳሉ፣ እኔ እጎተታለሁ። ኮሪደሩ ላይ የሚያየን ሰው ማን ማንን እንደሚደግፍ ግራ ይገባዋል።

ስማቸውን ምላሴ እምቢ ስላለ «አባባ» እላቸው ነበር። ደስ አላቸው። እንግሊዝኛ ላይ አንቱ የሚባል ነገር የለም፤ እኔ ግን ያለ አንቱታ ሽማግሌ ማናገር አልችልበትም፣ ስለዚህ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ አካክሰው ነበር። እሳቸው ብዙ ዓመት ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ ሠርተው የለቀሟት እንግሊዝኛ አለቻቸው። የእኔም ያው ናት። ሁለታችንም እኩል ስለምንሰብራት ከማንም ጋር የማልግባባውን ያህል ከእሳቸው ጋር ተግባባሁ።

«ምነው አባባ፣ ይሄ ሁሉ መንገድ? ለማራቶን ነው?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ወንድሜ ጋ ልሄድ ነው» አሉኝ። «አውሮፕላኑ ሩቅ ነው። ከአውሮፕላኑ በኋላ ባቡር አለ። ከባቡሩ በኋላ ዳገት አለ። ቤቱ ዳገቱ ላይ ነው።»

ታሪካቸውን የሰማሁት እዚያው ኮሪደር ላይ ነው፤ አንድ ምልልስ ላይ አንድ ቁራጭ፣ በማግስቱ ሌላ ቁራጭ። በልጅነታቸው አገራቸውን የውጭ ጠላት ወርሮት ነበር። ጠላት ወጣ። እሰይ ተባለ። እሰይ የተባለበት ከበሮ ሳይቀዘቅዝ የአገሩ ልጆች እርስ በርስ ተያያዙ። ይሄንንማ እኛም እናውቀዋለን፤ የውጭ ጠላት ሲጠፋ ጎረቤት አይጠፋም። እሳቸው ገና ጢም ሳያወጡ ተመልምለው ወታደር ሆኑ። የነበሩበት ወገን ተሸነፈ። ከተማ ለቀው ወደ ሌላ ከተማ፣ ወንዝ ተሻግረው ወደ ሌላ ወንዝ ሲሸሹ ሲሸሹ ምድሩ አለቀባቸውና ባሕር ዳር ደረሱ። መርከብ ላይ አሳፍረው ወደ አንድ ደሴት ወሰዷቸው። «ለትንሽ ጊዜ ነው፣ እንመለሳለን» ነበር ያሏቸው። ጸጉራቸው እስኪሸብት ድረስ ትንሹ ጊዜ አላለቀም። ደብዳቤ እንኳ አይሻገርም ነበር።

ታናሽ ወንድማቸው እዚያው መንደር ቀረ። አድጎ አስተማሪ ሆነ። ከዚያ ደግሞ አገሩ ሌላ እሳት ለበሰ። አብዮት በአብዮት ላይ፤ ልጆች አባቶቻቸውን የሚያሳጡበት፣ ተማሪ አስተማሪውን የሚደበድብበት ጊዜ። ጎህ ሲቀድ ተሰብስበው መጥተው የወንድማቸውን በር አንኳኩ። ጥፋቱ ምን ነበር? «ባሕር ማዶ፣ ከጠላት ጋር ያለ ወንድም አለህ።» በቃ፣ ይኸው ነው። የወረቀት ቆብ አድርገውበት፣ አንገቱ ላይ ሰሌዳ አንጠልጥለው፣ ራሱ ፊደል ያስቆጠራቸው ልጆች መንደሩን አዞሩት። ቀኝ እጁን ሰበሩት። ከዚያ ለዓመታት አሳማ ሲጠብቅ ኖረ።

«እኔ ደሴቱ ላይ ተቀምጬ ሩዜን እበላ ነበር» አሉኝ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ እየቆረቆሩ። «በሩን ያንኳኩት በእኔ ምክንያት ነው። የከፈተው እሱ ነው።»

የአገሩ ድንበር ሲከፈት፣ መሄድ ሲፈቀድ፣ አንድ ጊዜ ሄደው አይተውታል። ቤቱ በሰው ሞልቶ ነበር። ወንድምየው ስለ እጁ ትንፍሽ አላለም። በግራ እጁ እንቁላል ልጦ አበላቸው። እሳቸው በአገራቸው ወግ መሬት ላይ ተንበርክከው፣ ግንባራቸውን አስነክተው የሚሉት አንድ ነገር ነበራቸው። ሰው በዛ። አፈሩ። ሳይሉት ተመለሱ። አሁን ያ የቀረ ነገር ነው ኮሪደሩን የሚያስቆጥራቸው። ምን እንደሚሉት ስጠይቃቸው «ለእሱ ነው የምለው» አሉኝ። እኔም አልገፋሁም፤ የወንድማማች ነገር ነው፣ ምን አገባኝ።

አትላንታ በረዶ መትቷት፣ መኪናው ሁሉ ሃይዌይ ላይ ቆሞ ያደረበት ዊንተር ነበር። መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ልጃቸው ደወለችልኝ። ልጃቸው ዱሉዝ ነው የምትኖረው፤ ፋርማሲስት ናት፣ በእኔ ዕድሜ አካባቢ፣ እንደ እኔ ሁልጊዜ የደከማት ሴት።

«አጎቴ ሞቷል» አለችኝ። «አባቴ እንዳይሰማ። ዶክተሩ ልቡ ደካማ ነው ብሏል። ከጠየቀሽ ደህና ነው በይው።»

እሺ አልኳት። እሺ ማለት ምን ያስቸግራል? ሞት መደበቅማ የእኛም ሙያ ነው። እዚህ ከተማ ውስጥ የአንዱ እናት አገር ቤት ስትሞት ከባለቤቱ በፊት ታክሲ ነጂው ሁሉ ይሰማል። አፉን ይይዛል። አብሮት ቁርስ ይበላል፣ ኳስ ያያል፣ ትንፍሽ አይልም። ግን የእኛ መደበቅ መጨረሻ አለው። ሰው ይሰበሰባል፣ ከሥራው ፈቃድ ይጠየቅለታል፣ ጎህ ሲቀድ ነጠላ አዘቅዝቆ መርዶ ይነገራል። የእሷ መደበቅ ግን ጫፍ አልነበረውም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ወንድማማቾቹ በልጅየዋ ታብሌት ይተያዩ ነበር። ከዚያ ወዲያ «አጎቴ ጆሮው ደክሟል፣ ስልክ አይሰማም» አለች። ራሷ እያወራች፣ ራሷ እየመለሰች፣ «ሰላም ብሎሃል፣ በደንብ እየበላ ነው» ትላለች። ሽማግሌው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ወዲያው ወደ እኔ ዞረው «ደህና ነው አይደል?» ይሉኛል። «ደህና ናቸው፣ አባባ» እላለሁ። አፌን መረረኝ። እኔ ስንቱን ዋሽቼ የማውቅ ሴት ነኝ፤ አለቃዬን፣ የቤት አከራዬን። ይሄኛውን ግን መልመድ አቃተኝ።

ይባስ ብለው ሻንጣ ማዘጋጀት ጀመሩ። ሹራብ፣ ቫይታሚን፣ ወፍራም ካልሲ፣ ለቀዝቃዛ እጅ የሚሆን ጓንት። ጓንቱን ከቡፎርድ ሃይዌይ ገበያ አብሬያቸው ሄጄ ነው የገዛነው። ለየትኛው እጅ እንደሚጠብ እያሰቡ የቀኙን ደጋግመው ለኩት። ሻንጣው አልዘጋ ሲል እኔን ላዩ ላይ አስቀምጠው ዚፑን ጎተቱ። «ጎበዝ፣ ከባድ ነሽ» አሉኝ። ሳቅሁ። ሳቄን ሳልጨርስ ሞተው የተቀበሩ ሰው ጓንት ላይ መቀመጤ ትዝ አለኝና ክው አልኩ።

ለምን እንዲህ እንደከበደኝ አውቃለሁ። ታላቅ ወንድሜ በደርግ ጊዜ ወደ ሰሜን ዘምቶ ቀርቷል። ሞተ ያለን የለም፣ አለ ያለንም የለም። መንግሥት ሲወድቅ የተበተነው ሠራዊት በባዶ እግሩ ወደ ከተማ ሲገባ እናቴ መንገድ ዳር ቆማ የያንዳንዱን ፊት ታይ ነበር። መርዶ ስላልመጣ ጥቁር አልለበሰችም፤ ሳይረዱ መልበስ ሟርት ነው ትል ነበር። እስክትሞት ድረስ ብርድ ልብሱን እያጠበች ታጣጥፈው ነበር። እናቴ ለልጇ ሳታለቅስ ነው የሞተችው። ከዚህ የከፋ ነገር አላውቅም።

እንግዲህ በየጠዋቱ ሽማግሌውን ወደ ሞተ ሰው ቤት የማራምደው እኔ ነኝ። እሳቸው እየበረቱ ሄዱ። እኔ እየደከምኩ ሄድኩ። ፀደይ ሲገባ፣ የጥዱ ቢጫ ብናኝ መኪናውን ሁሉ ሲያለብሰው፣ ለልብ ምርመራ ወሰድናቸው። ዶክተሩ ወረቀቱን አገላበጠና ፈገግ አለ። «በጣም ጥሩ ነው። ይሄ መራመድ ለውጦዎታል። መብረር ይችላሉ» አለ።

ሽማግሌው ሲስቁ ያን ቀን ነው ያየሁት። ድዳቸው ሁሉ ታየ። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ሁለታችን ሠራነው» አሉኝ። መኪና ውስጥ ካስገባኋቸው በኋላ ዞር ስል ልጅየዋ የለችም። ፓርኪንጉ ጥግ፣ ከአንድ ግንብ ኋላ፣ ቦርሳዋን አቅፋ ቆማለች።

«የዋሸሁት ልቡ ደካማ ስለነበር ነው» አለችኝ። «አሁን ልቡ ደህና ነው። ምን ልበለው? ቲኬት ቁረጪልኝ እያለኝ ነው።» ከዚያ ደግሞ፣ «እናንተ አገር እንዴት ነው የምትናገሩት?» አለች።

ነገርኳት። በስልክ አይነገርም፤ ለብቻው ያለ ሰው አይነገረውም፤ ማታ አይነገርም፣ ሰው ከመርዶ ጋር አያድርም። ጎህ ሲቀድ ብዙ ሆነን እንሄዳለን፣ ትልቅ ሰው ይናገራል፣ አብረን እናለቅሳለን፣ ቀኑን ሙሉ አጠገቡ እንሆናለን።

ፊቷን ጠረገች። «አባቴ ማን አለው? የሚያውቁት ሰዎች በሙሉ ሞተዋል። እኔ ብቻዬን ነኝ።»

«እኛ አለንላቸው» አልኳት። አፌ ቀደመኝ። ከማን ጋር ተማክሬ ነው «እኛ» ያልኩት? ግን ከአፍ የወጣ ነገር አይመለስም። ማክሰኞ ንጋት ላይ ተቀጣጠርን። እሷም ትመጣለች፣ ቃሉን በቋንቋቸው እሷ ትነግራቸዋለች፣ እኛ ከኋላዋ እንቆማለን።

ወደ ዕድራችን እናት፣ ወደ እትዬ ደወልኩ። አትላንታ ውስጥ ያለ እሳቸው መርዶ አይነገርም።

«የማን መርዶ ነው?» አሉኝ።

«የቻይናው ሽማግሌ።»

«የሞተባቸው ምናቸው ነው?»

«ወንድማቸው።»

«ታዲያ ምን ያስጠይቃል? ወንድም ወንድም ነው። ንፍሮውን እኔ እቀቅላለሁ።»

የእትዬ ጎረቤት የሆኑት ጋሼም እመጣለሁ አሉ። ጋሼ ድሮ ወታደር ነበሩ፣ ያ የተበተነው ሠራዊት ውስጥ፤ አሁን መሐል ከተማ ፓርኪንግ ሒሳብ ይቀበላሉ። ሰው ቤት መሄድ አይወዱም። «የተሸነፈ ወታደር ነው አልሽኝ?» ብለው ጠየቁኝ። አዎ ስላቸው ኮታቸውን አወጡ። አራተኛዋ ኤርፖርት ዊልቸር የምትገፋ ጓደኛዬ ናት። እሷ ሙስሊም ናት፤ የማንም ለቅሶ ላይ ከእኛ ቀድማ ነው የምትገኘው።

እንደ ወጋችን ከሕንፃው ራቅ ብሎ ያለ ነዳጅ ማደያ ተገናኘን። የአበሻ መኪና በር ላይ ከተደረደረማ መርዶ ያለ ተናጋሪ ይሰማል። ሁላችንም በጋሼ መኪና ገብተን ጥግ ይዘን ፓርክ አደረግን። ጥቁር ለብሰናል፣ ነጠላችንን አዘቅዝቀናል። ልጅየዋን ጠበቅን። ሰማዩ መንጣት ጀመረ። ስልኬ ጮኸ።

«ሃይዌይ ሰማንያ አምስት ላይ አደጋ አለ፣ ቆሜያለሁ» አለችኝ። «እመጣለሁ፣ ጠብቁኝ።»

ጠበቅን። ጓደኛዬ ሺፍቷ ደርሶ ሰዓቷን ታያለች። እትዬ ንፍሮውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይቁነጠነጣሉ። «ፀሐይ ከወጣ በኋላ ምን መርዶ አለ? ገብተን ዝም ብለን እንቀመጥ፣ እሷ ስትመጣ ትናገራለች» አሉ። እኔም አዎ አልኩ። ደክሞኝ ነበር፣ ነገሩ እንዲያልቅልኝ ፈልጌ ነበር።

ቁልፉ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ሁልጊዜ በቁልፌ ነው የምገባው፣ ኮቴዬ እንኳ አይሰማም። ግን የመርዶ ወግ እንዲያ አይደለም፤ ሌባ ይመስል በቁልፍ አይገባም። ጋሼ ወንድ ናቸው፣ በዕድሜም ትልቅ ናቸው፣ ከፊት ቆሙ። ያ የወታደር ጡጫቸው በሩን ሦስቴ መታው። ኮሪደሩ ሁሉ አስተጋባ።

ውስጥ አንድ ነገር ወደቀ። ከዚያ በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ።

አባባ ለብሰዋል፣ ጫማቸውን አስረዋል፤ እንደ ወትሯቸው ከጨለማ በፊት ነቅተው። ከፊታቸው ጥቁር ኮት የለበሰ ረጅም ሰውዬ፣ ከኋላው ጥቁር የለበሱ ሰዎች። እኔ ከጋሼ ኋላ ስለሆንኩ አላዩኝም። ፊታቸው ላይ ደም የሚባል ነገር አልቀረም። ግን አልሸሹም። ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ፤ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ከዚያ አንገታቸውን እስከ ደረታቸው ደፍተው ሁለት እጃቸውን አጣምረው ወደ ጋሼ ዘረጉ። የሆነ ነገር በቋንቋቸው ይናገራሉ፤ ፈጠን እያሉ፣ ያንኑ ደጋግመው።

«አባባ፣ እኔ ነኝ!» አልኩ። አልሰሙኝም።

የገባቸው ጋሼ ናቸው። «ወይኔ!» አሉ በቀስታ። «ልንወስዳቸው የመጣን መስሏቸዋል።»

እንዴት አላሰብኩትም? ያንን ሁሉ ታሪክ የሰማሁት እኔ አይደለሁም? እኛስ ብንሆን፣ እኛ ሰፈር ያን ዘመን ጎህ ሲቀድ በር ሲንኳኳ ወጣት ያለበት ቤት ሁሉ ትንፋሹን ይይዝ አልነበረም? በዚያች ሰዓት ሁለት ዓይነት ሰው ነው የሚመጣው፤ ሊወስድ የሚመጣና ሊያለቅስ የሚመጣ። አንኳኩተው እስኪገቡ ድረስ አይለዩም። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ፀጉሬን መንጨት ነበር የቀረኝ።

ጋሼ ኮፍያቸውን አወለቁ። ምንም ሳይሉ እዚያው በሩ ሥር ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ፤ ያ ሁሉ ቁመት ታጥፎ ትንሽ ሰው ሆኑ። እትዬም ጉልበታቸውን እየያዙ ተቀመጡ። ጓደኛዬም፣ እኔም። አራታችን ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብለን፣ ሽማግሌው ብቻ እጃቸውን እንደዘረጉ ቆመው ቀሩ።

ሊፍቱ ተከፈተና ልጅየዋ እየሮጠች መጣች። የአባቷን ድምፅ ስትሰማ ባለችበት ደርቃ ቀረች። አፏን በእጇ ያዘች።

«ምን እያሉ ነው?» አልኳት።

«‹እኔ ነኝ› ነው የሚለው» አለች። «‹ባሕር ማዶ ያለሁት እኔ ነኝ። ወንድሜ አስተማሪ ነው፣ ምንም አላጠፋም። እሱን ተዉት። እኔን ውሰዱኝ።›»

ለወንድማቸው ብቻ የሚሉት ያ ነገር ምን እንደነበር ያኔ ገባኝ። ያን ጎህ ወንድማቸው በር ላይ ቆመው ባልኩት ብለው የሚመኙትን ነው የራሳቸው በር ላይ ያሉት።

ልጅየዋ ሄዳ እጃቸውን ያዘች። ወለሉ ላይ የተቀመጥነውን አዩ፣ እኔን አዩኝ፣ የእትዬን ነጠላ አዩ። ሳትነግራቸው በፊት ይመስለኛል የገባቸው። አንድ ቃል ጠየቋት። አንድ ቃል መለሰችላቸው። ሻንጣው በሩ አጠገብ ነበር፤ እሱ ላይ ቁጭ አሉ። አላለቀሱም።

እትዬ «ወንድሜ፣ ወንድሜ» ብለው ጀመሩ። ልቅሶ ቋንቋ አይፈልግም። ለማን እንዳለቀስኩ ልንገራችሁ? ለቻይናው አስተማሪ አይደለም። ለራሴ ወንድም ነው። ሃያ ምናምን ዓመት ያላለቀስኩት ልቅሶ ያን ቀን ፈነዳ፤ ጓደኛዬ ትከሻዬን ይዛ ዝም በይ ብትለኝም አልቻልኩም። የእኔን ልቅሶ እያዩ ነው መሰለኝ ሽማግሌውም ቀስ ብለው ጀመሩ። ትንሽ፣ የታፈነ ድምፅ። ጎረቤቶች በር እየከፈቱ ያዩናል። ጥበቃው መጣ፣ ምን እንደሚል ጠፍቶት ኮፍያውን አውልቆ ተመለሰ።

በኋላ ገብተን ንፍሮውን አቀረብን። አባባ ስንዴና ሽንብራውን አንድ በአንድ እያነሱ በሉ። በልጃቸው በኩል አንድ ነገር ጠየቁ፤ «እነዚህ ሰዎች ለምን መሬት ላይ ተቀመጡ?»

«ልቅሶ ላይ ማን ወንበር ላይ ይቀመጣል?» አሉ እትዬ። ልጅየዋ ተረጎመችላቸው። ብዙ አሰቡበት።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው የከበደኝ። በማግስቱ በቁልፌ ከፍቼ ስገባ በር ላይ የሉም። ወንበራቸው ላይ በባዶ እግራቸው ተቀምጠዋል። «አንራመድም፣ አባባ?» ስላቸው «ወዴት?» አሉኝ። በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። የሚበሉት ወፍ የምትለቅማትን ያህል ነው። ልጅየዋ ምንም ባትለኝም ዓይኗ ይጠይቀኛል። በእግራቸው ያቆማቸው ያ ውሸት ነበር፤ እውነቱን ይዤ መጥቼ ቁጭ አደረግኋቸው። ገደልኳቸው ብዬ አመንኩ። መጋዘን ውስጥ ካርቶን እያነሳሁ፣ ቤቴ ሄጄ ጣሪያ እያየሁ፣ ይሄንኑ ነው የማብሰለስለው።

አንድ ጠዋት ሰውነቴ እምቢ አለኝ። ጫማዬን ሳላወልቅ ከእሳቸው ፊት ለፊት ያለው ወንበር ላይ ዘፍ አልኩ። ለምን ተቀመጥሽ የሚለኝ አለቃ የለ።

«ያን ቀን» አሉኝ ብዙ ቆይተው፣ «ከሁሉም በላይ ያለቀስሽው አንቺ ነሽ። የእኔን ወንድም አታውቂውም። ለማን ነበር?»

ነገርኳቸው። በዚያች ሰባራ እንግሊዝኛ፣ ስለ ሰሜኑ፣ ስለ እናቴ፣ መንገድ ዳር ስለቆመችው፣ ስለ ብርድ ልብሱ። ለማንም ሰው እንደዚያ ከሥሩ አውርቼው አላውቅም።

«ማን መጥቶ በር አንኳኳ?» አሉኝ።

«ማንም አልመጣም፣ አባባ። ማንም አልነገረንም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ማሰር ጀመሩ። ላግዝዎ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ። ኮፍያቸውን አደረጉ፣ ከዘራቸውን አነሱ፣ ወደ ኮሪደሩ ወጡና በሩን ከኋላቸው ዘጉት። ሊራመዱ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ ደግሞ ብቻቸውን ይወድቃሉ ብዬ ደንግጬ ተነሳሁ።

በሩ ተንኳኳ። የራሳቸውን በር አንኳኩ።

ከፈትኩ። ኮፍያቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘዋል። አንገታቸውን ደፍተዋል።

«ወንድምሽ ጦርነት ላይ ሞቷል» አሉኝ። «ልነግርሽ መጣሁ።»

ከዚያ ከዘራቸውን አስደግፈው፣ በዚያ ጉልበታቸው፣ አንድ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው፣ ቀስ እያሉ፣ ቀስ እያሉ፣ በሩ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጡ። እኔም አጠገባቸው ቁጭ አልኩ፤ በኋላ እንዴት አድርጌ እንደማነሳቸው እያሰብኩ አለቀስኩ።